ዋጋ የሚያውቅ እጅ ጨረታ አይፈራም

መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቃቀመውን ቆርቆሮ፣ የተቀደደ ጄሪካን፣ ስብርባሪ ምድጃና የዛገ ብረት ከጆንያው ሲዘረግፍ፣ ገዢው ጎንበስ ብሎ አየት፣ አነሳ አድርጎ «ይህን ያህል ይሁንልህ» ይለዋል። ላየው ሰው ግምት ይመስላል። ውስጡ ግን ሂሳብ ነው። ዕቃው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ዝገቱን ለመፋቅና ለማቃናት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ለተሸካሚ ምን እንደሚወጣ፣ የትኛው ቀጥቃጭ እንደሚፈልገው፣ በመጨረሻም በእጅ ስንት ብር እንደሚቀር ሁሉም በዚያች ቅጽበት ተሰልቷል።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር አንድ ነው፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽዳት ጨረታ የሚፈልገው ይህንኑ ችሎታ ነው። መርካቶ በሚገኝበት በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ በጽዳት ሥራ የተደራጃችሁ ወይም ለመደራጀት የምታስቡ ወጣቶችና እናቶች፣ ይህን ስሙኝ። ዋጋ መተመን የሰፈራችሁ ሙያ ነው። ሌላው የጣለውን አንሥቶ «ይህ ገንዘብ ነው» ማለት የቻለ ሰው፣ አንድን ፎቅ ዞሮ አይቶ «ይህን በዓመት በዚህ ብር አጸዳዋለሁ» ማለት አያቅተውም። የቀረው በጭንቅላት የሚሠራውን ሂሳብ ወረቀት ላይ ማስፈር፣ መፈረም፣ ማኅተም ማድረግና በሰዓቱ ሣጥን ውስጥ መክተት ነው።

«ጨረታ የባለ ካፒታል ነው»፣ «ያለ ዘመድ አይሆንም» የሚል ንግግር በየሰፈሩ አለ። መንገዱ ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው ብዬ አላታልላችሁም። ግን ልብ በሉ፤ ያልተጫረተ ሰው ተሸንፎ አያውቅም፣ አሸንፎም አያውቅም። በወሬ ተሸንፎ ቤቱ ከመቀመጥ በሰነድ ተወዳድሮ መሸነፍ ይሻላል፤ በሰነድ የተሸነፈ ሰው የሚቀጥለውን ጨረታ ዋጋ ተምሮ ይመለሳል።

ሥራው ደጃችሁ ላይ ነው

አዲስ ከተማን በእግራችሁ ዙሩት። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ ትምህርት ቤቶች አሉ። የየክፍለ ሀገሩ ተጓዥ የሚተራመስበት አውቶቡስ ተራ አለ። እነዚህ ሁሉ ወለል አላቸው፣ መስኮት አላቸው፣ መጸዳጃ ቤት አላቸው፤ ሁሉም በየቀኑ ይቆሽሻሉ። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን የጽዳት ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ሌላው አገልግሎቱን ከውጭ ይገዛል። የእናንተ ገበያ ይህ ሁለተኛው ነው።

ከተማዋ ለጽዳት ወደ ትንንሽ ማኅበራት ፊቷን ማዞር ዛሬ አልጀመረችም። የአዲስ አበባ ነዋሪ የቤቱን ቆሻሻ ከደጁ የሚረከቡት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ልጆች መሆናቸውን ያውቃል። ጋሪ እየገፉ፣ ማዳበሪያ ተሸክመው ከየቤቱ ሰብስበው ወደ ገንዳው ሲያደርሱ፣ ባመጡት መጠን እየተለካ ሲከፈላቸው ኖሯል። እነርሱ በቆሻሻ መሰብሰብ የከፈቱትን በር እናንተ በቢሮና በሕንፃ ጽዳት ልታሰፉት ትችላላችሁ።

ሥራው ክብር ያንሰዋል የሚል ካለ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ምሽት በአዲስ አበባው የቆሻሻ መጣያ በቆሼ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን በላ። ቆሻሻ በሥርዓት ካልተያዘ ነፍስ ያጠፋል። ከተማን የሚያጸዳ ሰው የሰው ሕይወት የሚጠብቅ ሰው ነው፤ በዚህ ሥራ አንገት መድፋት አያስፈልግም።

መጀመሪያ ትልቁን ጨረታ አትመኙ። አነስተኛ ግዥ ሲሆን መሥሪያ ቤቶች ከተለያዩ አቅራቢዎች ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስበው ያወዳድራሉ። የአንድ ትምህርት ቤት የክረምት ጽዳት፣ የአንድ አዳራሽ ከስብሰባ በኋላ ማጽዳት፣ የአንድ ጤና ጣቢያ መስኮት በዚህ መንገድ ሊሰጥ ይችላል። ሥራው ትንሽ ነው፤ ሲያልቅ የምትቀበሉት የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ግን ትልቅ ነው። የመንግሥት ሥራ እስኪገኝ ከመርካቶ የገበያ ሕንፃዎች አንዱን ይዛችሁ ጀምሩ። ባለቤቱ «በሚገባ ሠርተውልኛል» ብሎ የፈረመበት ወረቀት በሚቀጥለው ጨረታ ነጥብ ይሆናችኋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ወረቀታችሁ ከእናንተ በፊት ይናገር

የጨረታ ማስታወቂያ በአዲስ ዘመን፣ በአዲስ ልሳንና በሌሎች ጋዜጦች ይወጣል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳም ይለጠፋል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ግዥያቸውን ወደ ኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት እያስገቡ ነውና እዚያም በአቅራቢነት መመዝገብ ብልህነት ነው። ከማኅበራችሁ አንድ ሰው መድቡ። ሥራው በየሳምንቱ ማስታወቂያ ማንበብ ይሁን፤ «የጽዳት አገልግሎት ግዥ» የሚለውን ባየ ቁጥር መክፈቻ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግብ።

ማስታወቂያው የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ በዘርፉ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የቫት ምዝገባ፣ የታክስ ክሊራንስ፣ የአቅራቢነት ምዝገባ። እነዚህን ማስታወቂያ ሲወጣ መሮጥ ከጀመራችሁ አትደርሱም። ዛሬ አዘጋጅታችሁ በአንድ ፋይል አስቀምጡ፤ የሚታደሰውን በጊዜው አድሱ።

የጨረታ ማስከበሪያ ሲባል ልባችሁ አይሰበር። ባለ ገንዘቡ ከባንክ ሲፒኦ (የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ያሠራል። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጀ ማኅበር ግን ካደራጀው የመንግሥት አካል የዋስትና ደብዳቤ አጽፎ በሲፒኦው ፋንታ የሚያቀርብበት አሠራር አለ። ሰነዱ ይህን መፍቀዱን አንብቡና ወደ ወረዳችሁ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ይህ አሠራር የተዘረጋው ለእናንተ ነው፤ ያልጠየቀ ሰው ግን አያገኘውም።

ቀጥሎ ያለው የጥንቃቄ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ገጽ ይፈረም፣ ማኅተም ይረፍበት። ስርዝ ድልዝ አይኑር፤ ካለም ጎኑ ይፈረምበት። ዋጋችሁ ቫትን ያካተተ ይሁን ያላካተተ በግልጽ ጻፉ። ቴክኒካል ሰነዱና ፋይናንሻል (የዋጋ) ሰነዱ ለየብቻ ይታሸግ ከተባለ ለየብቻ አሽጉ፤ ኦሪጅናልና ኮፒ ከተባለ ፖስታው ላይ እንዲያ ብላችሁ ጻፉ። ሣጥኑ በ4፡00 ይዘጋል ከተባለ በ3፡00 እዚያ ተገኙ። ለወራት የታሰበበት ሥራ በአንድ የተዘነጋ ማኅተም ይወድቃል፤ በጥንቃቄ የተዘጋጀ ሰነድ ደግሞ ከሁለት ክፍል ቢሮ ቢወጣም የትልቅ ድርጅት መልክ ይኖረዋል።

ዋጋችሁ እውነት ይሁን

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ መጣን። ብዙ ጀማሪ «ዋናው ማሸነፉ ነው» ብሎ ዋጋውን ይሰብራል። ያሸንፋል። በሦስተኛው ወር ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል። ስለዚህ አንድ ምሳሌ አብረን እንሥራ።

አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት አራት የጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል እንበል። ለእያንዳንዷ በወር 5,000 ብር ለመክፈል አሰባችሁ። ቸኩሎ የሚያሰላ ሰው 5,000 በ4፣ ከዚያም በ12 ያባዛና የዓመቱ ደመወዝ 240,000 ብር ነው ብሎ ይጽፋል።

ቀስ ብሎ የሚያሰላው ግን እንዲህ ይቀጥላል። ለግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣል፤ ይህ በወር 550 ብር ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛዋ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አላት፤ እሷ ስታርፍ የሚተካት ሰው ይከፈለዋል። ወሩን በ26 የሥራ ቀን ብናስበው፣ የ16ቱ ቀን ክፍያ ለ12 ወር ሲከፋፈል በወር 256 ብር ገደማ ይመጣል። ስለዚህ የአንዷ ሠራተኛ እውነተኛ ወጪ 5,806 ብር ነው። ለአራቱ በዓመት 278,688 ብር ይሆናል። ቸኩሎ ካሰላው በ38,688 ብር ይበልጣል። ገና መጥረጊያ አልተገዛም።

አሁን መጥረጊያውን፣ መወልወያውን፣ ላርጎውን፣ በረኪናውን፣ ጓንቱን፣ ቦቲውን፣ ቱታውን ጨምሩ። የወር ፍጆታችሁን በሊትርና በቁጥር ጻፉ፤ «ዕቃ ዕቃ» ብላችሁ አትዝለሉት። ትርፍ ሰዓት የሚያሠራ ቦታ ከሆነ ሕጉ ቀን ቀን 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75 እጥፍ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2 እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ቀን 2.5 እጥፍ እንደሚያስከፍል አስቡ። የሒሳብ ሠራተኛችሁን፣ የትራንስፖርቱን፣ የማኅበሩን ቁጠባ ጨምሩ። የምትኖሩበትን ትርፍም ሳታፍሩ ጨምሩ። የቫት ተመዝጋቢ ከሆናችሁ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ይመጣል፤ እሱን ለመንግሥት የምታስተላልፉት እንጂ የእናንተ ገቢ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ክፍያ በወሩ መጨረሻ ላይመጣ ይችላል። ደረሰኝ ይታያል፣ ፊርማ ይዞራል፣ በጀት ይለቀቃል። እስከዚያ ድረስ ሠራተኞቻችሁ ልጅ ያበላሉ፣ ቤት ይከራያሉ። ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ መያዣ ሳይኖራችሁ ትልቅ ውል አትግቡ። አቅማችሁ ለአንድ ሕንፃ ከሆነ በአንድ ሕንፃ ተጫረቱ፤ ይህ አቅምን ማወቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ይህን ያዙልኝ፦ የተሰበረ ዋጋ ሁልጊዜ የሚሰበረው ከምትጠርገው ሴት ደመወዝ ላይ ነው። ሳሙና በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ የለም፤ ግብር የሚቀንስ የለም፤ ስለዚህ ሂሳቡ ሲጠብ የሚቆረጠው የእሷ እንጀራ ይሆናል። በእሷ ረሃብ የሚገኝ ድል ለእናንተ አይገባም። እውነተኛ ዋጋ አቅርባችሁ ብትሸነፉ ክብራችሁም ገንዘባችሁም በእጃችሁ ነው።

ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ

ምን አለሽ ተራ ዕቃ ሳያይ የሚገዛ የለም። ሕንፃም ሳታዩ ዋጋ አትስጡ። ሰነዱ ጉብኝት ከፈቀደ ቀድማችሁ ሂዱ። ወለሉ ሴራሚክ ነው ወይስ ሲሚንቶ? መጸዳጃ ቤቱ ስንት ነው? ደረጃው ስንት ፎቅ ይወጣል? ባለጉዳይ የሚበዛው በየትኛው ሰዓት ነው?

የአዲስ አበባን ትልቁን ጥያቄ አትርሱ፤ ውሃ አለ ወይ? ውሃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ሮቶ አለ? ከሌለ በርሚል ማን ያቀርባል፣ ማን ይሞላዋል? ይህን በጽሑፍ ጠይቁና መልሱን በዋጋችሁ ውስጥ አስገቡ። በርሚሉንና የቆሻሻ ማፈሻውን ከሰፈራችሁ ቀጥቃጮች በተሻለ ዋጋ ማሠራት መቻላችሁ ደግሞ ከሌላ ተጫራች የምትበልጡበት ነገር ነው።

ሌላም ብልጫ አላችሁ። ከቢሮ የሚወጣው ሁሉ ወደ ቆሼ የሚሄድ አይደለም። ካርቶኑ፣ ሃይላንዱ፣ ቆርቆሮው ገዢ አለው፤ ገዢውንም እናንተ ታውቁታላችሁ። በቴክኒካል ሰነዳችሁ ላይ ቆሻሻውን ለይታችሁ እንደምታወጡ ጻፉ። ይህ ለከተማው ጥቅም ነው፣ ለእናንተም የጎን ገቢ ሊሆን ይችላል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ የመንግሥት ወረቀትና ያገለገለ ዕቃ ባለቤት አለው። ምን መውሰድ እንደሚፈቀድላችሁ በውሉ ላይ ይስፈር። ያለ ፈቃድ የወጣች አንዲት ካርቶን ስማችሁን ታጠፋለች።

ድር ቢያብር

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ጨረታው ከአንድ ማኅበር አቅም በላይ ከሆነ ሁለት ሦስት ማኅበራት ሆናችሁ በጋራ ለመጫረት የሚያስችል ሁኔታ በሰነዱ ላይ ካለ ተጠቀሙበት። ማን እንደሚመራ፣ ማን የትኛውን ሕንፃ እንደሚይዝ፣ ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል አስቀድማችሁ ፈርሙ። ወንድማማችነት ጥሩ ነው፤ የተፈረመ ወንድማማችነት ግን ይዘልቃል።

ይህ ሌላ አገር ላይ ተሠርቶ ታይቷል። በህንድ ፑኔ ከተማ ቆሻሻ ለቃሚ ሴቶች በ1993 እ.ኤ.አ. ማኅበር መሠረቱ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ስዋች የተባለው የኅብረት ሥራ ድርጅታቸው ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ጋር የቤት ለቤት ቆሻሻ ለመሰብሰብ ውል ገባ። ትናንት ከገንዳ ሲለቅሙ የነበሩ ሴቶች የማዘጋጃ ቤት ውል ያለው ድርጅት ባለቤቶች ሆኑ። በኮሎምቢያ ቦጎታ ደግሞ ከተማው የጽዳት ሥራውን በትልቅ ጨረታ ለትላልቅ ኩባንያዎች ሊሰጥ ሲል፣ ቆሻሻ ለቃሚዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2011 እ.ኤ.አ. የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ጨረታውን አገደው፤ በ2013 እ.ኤ.አ. ከተማው ለለቃሚዎቹ በሰበሰቡት ኪሎ መክፈል ጀመረ። ትግሉን ከመሩት አንዷ ኖህራ ፓዲያ ከልጅነቷ ጀምሮ በቆሻሻ ለቀማ ያደገች ሴት ናት፤ በዚያው ዓመት የጎልድማን የአካባቢ ጥበቃ ሽልማትን ተቀበለች። እነርሱ ያሸነፉት ስለተደራጁና መብታቸውን በሰነድ ስለጠየቁ ነው። የፑኔና የቦጎታ ሰው ከእናንተ የሚለይበት ጉልበት የለውም።

ብትሸነፉም ብታሸንፉም

ጨረታው ሲከፈት ተገኙ። የተጫራቾች ዋጋ በዚያ ይነበባል። ደብተር ይዛችሁ ማን በስንት እንደገባ ጻፉ። ቴክኒካሉ ቀድሞ የሚታይ ከሆነ ዋጋው በሌላ ቀን ይከፈታልና ያን ቀንም አትቅሩ። ከተሸነፋችሁ ምክንያቱን በትሕትና ጠይቁ። በደል ደርሶብናል ካላችሁ አቤቱታ የማቅረብ መብት አላችሁ፤ የተሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ ሳትዘገዩ በጽሑፍ አቅርቡ። ከኋላ በር «ይህን ያህል ስጡና ይለፍላችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ግን እምቢ በሉ። በጉቦ የተገኘ ውል በየወሩ ጉቦ ይጠይቃል፤ ትርፉንም ስሙንም ይበላል።

ካሸነፋችሁ ደግሞ እውነተኛው ፈተና ያኔ ይጀምራል። የውሉን ዋጋ 10 በመቶ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ትጠየቁ ይሆናል፤ በ400,000 ብር ውል ይህ 40,000 ብር ነው፤ እዚህም ያደራጃችሁ አካል ደብዳቤ ተቀባይነት እንዳለው አረጋግጡ። ውሉን ቃል በቃል አንብቡ፣ ያልገባችሁን ሳትፈርሙ ጠይቁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሰዓት መቆጣጠሪያ ይኑራችሁ። በየሳምንቱ የሕንፃውን ኃላፊ አስጎብኝታችሁ አስፈርሙ። የወሩን የክፍያ ጥያቄ በወሩ ማለቂያ ያንኑ ቀን አስገቡ፤ የተፈረመ ወረቀት የያዘ ሰው ክፍያ ሲዘገይበት የሚያሳየው ማስረጃ አለው። ለሠራተኞቻችሁ ጓንትና ቦቲ አትንፈጉ። ባለጉዳይ ገና ሳይገባ ደረጃው የደረቀ፣ መጸዳጃ ቤቱ የማይሸት ይሁን። እንዲህ የሠራ ማኅበር ውሉ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ጨረታ የመልካም ሥራ ደብዳቤ ይዞ ይገባል።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ጊዜው አሁን ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ጋዜጣ ግዙ። ከውስጡ አንድ የጽዳት ጨረታ ምረጡ። ለመጫረት ባትዘጋጁ እንኳ ቁጭ ብላችሁ ከላይ እንዳየነው አስሉት፤ ደመወዙን፣ ጡረታውን፣ ዕረፍቱን፣ ሳሙናውን፣ ትርፉን። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ምረጡና ድገሙት። የንግድ ፈቃዳችሁን አድሱ፣ ክሊራንሳችሁን አውጡ፣ ወረዳችሁ ሄዳችሁ ስለ ዋስትና ደብዳቤው ጠይቁ። እውነተኛው ማስታወቂያ ሲወጣ እጃችሁ ልምድ ይኖረዋል። ዋጋ ታውቃላችሁ፤ ሂሳባችሁን ይዛችሁ ግቡ!